«ብር በነፃ ሲሰጥ ሰው ይሰንፋል»፦ ስለ መሠረታዊ ገቢ በጅማ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ላይ ስለ መሠረታዊ ገቢ፣ ማለትም ያለ ቅድመ ሁኔታ ለሁሉም ሰው በየጊዜው ስለሚሰጥ ብር፣ ወሬ ከተነሣ ብዙ አይቆይም። አንዱ «ምጽዋት ነው» ይላል፣ ሌላው «ከየት መጥቶ?» ይላል፣ ከዚያ ጨዋታው ወደ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ዋጋ ይዞራል። ሁለቱ ግን አንድ ወሬ ናቸው። የኢኮኖሚ ዋስትናን የሚያጠኑ ሰዎች ድሃው ስንት እንደሚያገኝ ብቻ አይጠይቁም፤ በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚያገኝ ዛሬ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ቡናው ኅዳር ላይ ስንት እንደሚያወጣ ሰኔ ላይ የሚያውቅ ገበሬ ደግሞ የለም።

በዘርፉ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣው አንዱ እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጋይ ስታንዲንግ ናቸው። ለሠላሳ ዓመት ያህል በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሠርተዋል፤ በ1986 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመውን የመሠረታዊ ገቢ አጥኚዎች ትስስር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ከ2011 ጀምሮ ሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ፣ ሴዋ ከተባለው የሴቶች ማኅበርና ከዩኒሴፍ ጋር፣ በስምንት መንደሮች ለሚኖር ሰው ሁሉ በየወሩ ብር የሚከፈልበትን ሙከራ መርተዋል። ለአዋቂ 200 ሩፒ፣ ለልጅ 100 ሩፒ ተጀምሮ ከዓመት በኋላ 300 እና 150 ሆነ። ሌሎች 12 ተመሳሳይ መንደሮች ያለ ክፍያ ለንጽጽር ተያዙ።

በአጥኚዎቹ ቋንቋ መሠረታዊ ገቢ አምስት ነገር ያሟላል፦ በየጊዜው ይመጣል፣ በብር ይከፈላል፣ ለቤተሰብ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል፣ ለሁሉም ይደርሳል፣ ቅድመ ሁኔታ የለውም። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከአምስቱ አንዱን ረስቶ ከመከራከር ነው።

«ሴፍቲኔት አለ አይደል? ያው ነው»

ያው አይደለም። በ2005 የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የተነደፈው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለባቸው የገጠር ወረዳዎች ነው፤ እንደ ጅማ ያለ ዝናብ የማይርቀው የቡና አገር ታስቦ አልነበረም። ተጠቃሚው በማኅበረሰብ ኮሚቴ ይመረጣል። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ያበጃል፤ ስሌቱ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን፣ በዓመት 6 ወር ነው። የክፍያው መነሻ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ሲሆን በብር ሲከፈልም ከዚያ ይነሣል። አቅመ ደካማ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ከአምስቱ መለኪያ ጋር ሲተያይ በቤተሰብ ነው፣ ተመርጦ ነው፣ በሥራ ነው፣ ለአብዛኛውም ለግማሽ ዓመት ነው።

ሴፍቲኔት አልሠራም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ2014 የታተመ ጥናት አምስት ዓመት የቆዩ ቤቶች እህል የሚያልቅባቸው ጊዜ በ1.29 ወር እንዳጠረ አሳይቷል። በልቶ ለማያድር ቤት ከወር በላይ ማለት ቀላል አይደለም። የከተማው ሴፍቲኔት ሲጀመር ደግሞ በ11 ከተሞች ነበር፤ ጅማ ከነዚያ ውስጥ አልነበረችም። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጣበት ጡረታም የሚደርሰው ደመወዝተኛውን ነው። ባጃጅ ነጂው፣ ጉልት የምትሸጠውና ቡና ለቃሚው በሁሉም ወንፊት ያልፋሉ።

«ብር በነፃ ሲሰጥ ሰው ይሰንፋል»

ከሁሉም በላይ የተጠናው ጥያቄ ይህ ነው። አቢጂት ባነርጂና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ሥራ በስድስት አገሮች የሚቀበለውና የማይቀበለው በዕጣ ተለይቶ የተካሄዱ ሰባት የጥሬ ብር ድጋፍ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ ተቀባዮች ሥራ እንደቀነሱ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ፊንላንድ በ2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በየወሩ 560 ዩሮ ከፍላ ስታይ የሥራ ቀናቸው አልቀነሰም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ጨመረ። (ያም ቢሆን የተሰጠው ለሥራ አጥ ብቻ ስለነበር ሙሉ መሠረታዊ ገቢ አይባልም።) በማድያ ፕራዴሽ የታየው ደግሞ የሥራ ዓይነት መቀየር ነው፦ ለሰው ተቀጥሮ የቀን ሥራ መሥራት ቀነሰ፣ የራስን መሬት ማረስ ጨመረ። ከአሠሪው ወገን ሆኖ ለሚያይ ይህ ስንፍና ይመስላል፤ የጎደለው ግን የእሱ ሥራ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማየት አንዲት ጉልት የምትሸጥ ሴት ሒሳብ ይበቃል። ጠዋት የ1,000 ብር ሽንኩርትና ቲማቲም በዱቤ ታነሣለች እንበል፤ ማታ 1,050 ትመልሳለች። በወር 25 ቀን ብትወጣ ለወለድ ብቻ 1,250 ብር ከፍላለች፤ ማለትም የሸቀጡን ዋጋ አንድ ጊዜ ከሩብ። በየወሩ 600 ብር የሚደርሳት ብትሆንና ሁለት ወር ብታጠራቅመው ዱቤው ይቀራል፤ 1,250ውም እጇ ላይ ይቀራል። ሥራዋ ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው። ቡና ገበሬውም እንዲሁ ነው፤ ነሐሴ ላይ የልጅ ሕመም ሲገጥመው ገና ዛፍ ላይ ያለውን ቡና ለአበዳሪ ያስይዛል፣ ለቀማ ሲደርስ በገበያው ዋጋ ሳይሆን ነሐሴ ላይ በተስማማበት ያስረክባል። በዚያ ወር የሚደርስ ትንሽ ብር የሚያድነው የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመከሩንም ዋጋ ነው።

አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ውጤት እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የከተማው ሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ በዕጣ በየሠፈሩ ሲዘረጋ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ተጠቃሚዎች ለግል አሠሪ የሚሠሩት ሥራ እንደቀነሰ አገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠረጋና ጽዳት ላይ የዋለ ሰው ሌላ ቦታ ሊውል አይችልም። በስሌታቸው መሠረት ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የግል ዘርፍ ክፍያ 18.6 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ «ሠርቶ ይውሰድ» የሚለው ሰው የሚፈራውን ነገር ራሱ ይጠራዋል፤ ጊዜ የሚሻማው ብሩ ሳይሆን የሥራ ግዴታው ነው። የጅማ ባለ ቡና «ለቃሚ አጣሁ» የሚልበት ዘመን ቢመጣ፣ ለቃሚው ሰነፈ ማለት ሳይሆን ከዚህ በፊት እምቢ ማለት የማይችለውን ዋጋ አሁን እምቢ ማለት ቻለ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን መውደድና አለመውደድ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ጫትና መጠጥ ላይ ያልቃል»

ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ 19 ጥናቶችን አገጣጥመው የጥሬ ብር ድጋፍ በአልኮልና በትምባሆ ላይ የሚወጣውን እንደማይጨምር፣ በአብዛኛው በጥቂቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ነገር ግን ያ ሥራ ያተኮረው አልኮልና ትምባሆ ላይ ነው፤ ውጤቱን ወስዶ ጅማ ላይ ስለ ጫት መናገር አቋራጭ ነው። እዚህ ጫት ለአንዱ ወጪ፣ ለሌላው የጓሮ ገቢ ነው። መለካት ካስፈለገ በፊት ለፊት «ለጫት ስንት አወጣህ?» ማለት አይሠራም፤ ብሩን የሰጠው አካል ይሰማል ብሎ ማንም ያሳንሳል። የተሻለው መንገድ ተጠያቂዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን አራት የወጪ ዓይነት፣ ለሌላው እነዚያኑ አራት ከጫት ጋር አምስት አድርጎ ማንበብና «ባለፈው ሳምንት ከእነዚህ በስንቱ ላይ አወጣህ?» ብሎ ቁጥሩን ብቻ መጠየቅ ነው። የሁለቱ ወገን አማካይ ልዩነት ለጫት ያወጡትን ሰዎች ድርሻ ይነግራል፤ ማን እንዳወጣ ግን አይታወቅም።

«ለድሃው ብቻ ይሰጥ»

ልብ የሚቀበለው ሐሳብ ነው፤ አስቸጋሪው ድሃውን መለየቱ ነው። የተለመደው ዘዴ የሚታይ ንብረት ቆጥሮ ነጥብ መስጠት ነው፦ ጣራው ሣር ነው ቆርቆሮ፣ ስንት ከብት አለ፣ ሬዲዮ አለ ወይ። ጎማ ወይም ማና ወረዳ ውስጥ ቡና ጥሩ ባወጣበት ዓመት ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ቡናው በወደቀበት ዓመትም ቆርቆሮው እዚያው ነው። ዝርዝሩ ላይ ባለ ሀብት ሆኖ ይቆጠራል፤ ነሐሴ ላይ ግን ጓዳው ባዶ ነው። ያንኑ ቤት ታኅሣሥ ላይ የሄደ መዝጋቢና ነሐሴ ላይ የሄደ መዝጋቢ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መዝግበው ይመለሳሉ።

የሰፈሩ ሰው ራሱ ይምረጥ ቢባልስ? ኢንዶኔዥያ ውስጥ 640 መንደሮች ላይ ሁለቱ ዘዴዎች በዕጣ ተወዳድረው፣ በቤቱ የፍጆታ ወጪ ሲለካ ድሃን በመለየት የንብረት ነጥቡ በጥቂቱ በለጠ፤ ሰው የረካው ግን በራሱ ምርጫ ነበር። ሌላም ችግር አለ። በሴፍቲኔት ቋንቋ «መመረቅ» የሚባለው፣ ቤቱ ትንሽ ሲሻሻል ከዝርዝር መውጣቱ፣ አንዲት ጥጃ መግዛትን አደገኛ ያደርጋል። ስታንዲንግ ደጋግመው የሚያነሡት ይህን ወጥመድ ነው።

ለሁሉም ይሰጥ የሚለው ወገንም ሒሳቡን መሸሽ የለበትም። 1,000 ሰው ላለበት መንደር በወር 300,000 ብር ቢኖር ለሁሉም 300 ብር ይደርሳል፤ ለ300 ድሆች ብቻ ከሆነ 1,000 ብር። መዝጋቢው ከሦስቱ አንዱን ድሃ ቢስት ግን 100 ድሃ ባዶ እጁን ይቀራል፣ 100 ያልተቸገረ 1,000 ብር ይወስዳል። ኑሮው ከወር ወር በሚገላበጥበት የቡና አገር ለመምረጥ የሚወጣው ድካም ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ መካከለኛው መንገድ በማይዋሽ ነገር መለየት ነው፤ ለምሳሌ በዕድሜ።

«ዘካም ዕድርም ዕቁብም አለን»

አላቸው፤ ይሠራሉም። ዕድር ቀባሪ ነው፣ ዕቁብ ቆጣቢ ነው፣ ዘካ ከተቀመጠ ሀብት 2.5 በመቶ ነው። ሦስቱም ጥሩ የሚሆኑት ችግሩ አንዱን ቤት ለይቶ ሲመታ ነው። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ግን የዕቁቡን ጸሐፊ፣ ዕጣ የደረሰውንም ያልደረሰውንም፣ ዘካ ሰጪውንም አብሮ ይመታል። በአንድ ወንዝ የሚጠጡ ሰዎች ወንዙ ሲደርቅ አይበዳደሩም። ከአካባቢው ውጪ የሚመጣ ገቢ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

«ከየት መጥቶ? ደግሞስ ዋጋ አያስወድድም?»

እዚህ ላይ ተጠራጣሪው ግማሽ እውነት አለው። ለ100 ሚሊዮን ሰው በወር 500 ብር ቢከፈል በዓመት 600 ቢሊዮን ብር ነው። የ2024/25 የፌደራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ነበር። ነገ ይጀመር የሚል ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አላስቀመጠም። የአሜሪካዋ ግዛት አላስካ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ለነዋሪው የምታካፍለው ከነዳጅ በተቀመጠ ፈንድ ትርፍ ነው። ሞንጎሊያ ከማዕድን ገቢ ለሁሉም መክፈል ጀምራ ገቢው ሲሳሳ በ2012 አቆመች። ኢራን በ2010 መጨረሻ የነዳጅ ድጎማን አንሥታ ለሕዝቡ በነፍስ ወከፍ በወር 455,000 ሪያል መክፈል ጀመረች፤ ቁጥሩ ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ንረቱ በላው። ኢትዮጵያ በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ንረት አይታለች፤ በዚያ ፍጥነት 1,000 ብር በሁለት ዓመት የሚገዛው የ590 ብር ያህል ነው። ስለዚህ በማንኛውም ውል ውስጥ ክፍያው በምን እንደሚስተካከል ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት፤ የሴፍቲኔቱ የ15 ኪሎ እህል መነሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ብር ታትሞ ሲከፈልና ካለ ገንዘብ ሲከፈል ግን አንድ አይደለም። ኬንያ ሲያያ ውስጥ 653 መንደሮች ባሉበት አካባቢ ከ10,000 ለሚበልጡ ቤቶች ወደ 1,000 ዶላር ሲሰጥ የአካባቢው ዋጋ የጨመረው በ0.1 በመቶ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ዶላርም በአካባቢው ኢኮኖሚ ወደ 2.5 ዶላር እንቅስቃሴ ፈጠረ። ወፍጮ ቤቱ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ከዋለ ደንበኛ ሲጨምር ዋጋ አይጨምርም። ጅማ ከተማ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የቤት ኪራይ ነው፤ ቤት እንደ ዱቄት በአንድ ወር አይበዛም።

«በየወሩ ከሚንጠባጠብ አንዴ ጠቅለል ብሎ ይሰጥ»

በኬንያ በ295 መንደሮች የተካሄደው ሙከራ ይህንኑ ነው የጠየቀው፦ ለአንዱ ወገን በወር 22.50 ዶላር ለ12 ዓመት፣ ለሌላው ያንኑ ለ2 ዓመት፣ ለሦስተኛው 500 ዶላር በአንዴ፣ የቀረው ምንም። ንግድ በመክፈት ጠቅላላውን የወሰዱትና 12 ዓመት የተነገራቸው የሁለት ዓመቶቹን በለጡ። የ12 ዓመቶቹ ምስጢር ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብ ገቡ። ብሩ እንደሚቀጥል ስላወቁ የሚንጠባጠበውን ራሳቸው ጠቅላላ አደረጉት። የአንድ ጊዜ ብር ደግሞ ዕድሜው አጭር ሊሆን ይችላል፦ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ ለፋብሪካ አመልካቾች 300 ዶላር ያህልና አጭር ሥልጠና ሲሰጡ ገቢያቸው ከዓመት በኋላ በ33 በመቶ በለጠ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ።

«አንድ ቀበሌ ላይ ሞክሮ ማየት ይበቃል»

ናሚቢያ ኦትጂቬሮ ውስጥ በ2008 እና 2009 ከ60 ዓመት በታች ለሆነ ነዋሪ ሁሉ በወር 100 የናሚቢያ ዶላር ተከፍሎ የተነገረው ውጤት አስደናቂ ነበር፤ የሚያነጻጽሩት መንደር ስላልነበረና ከሌላ ቦታ ሰው ስለጎረፈ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ጅማ ላይ ይህ ስሕተት የበለጠ ይከፋል፤ ቡና አንድ ዓመት ተሸክሞ በቀጣዩ ያርፋልና። ባረፈበት ዓመት መነሻውን ለክቶ በሞላበት ዓመት ውጤቱን የለካ አጥኚ የቡናውን ዛፍ ሥራ ለብሩ ይሰጣል። ሐምሌ ላይ ጀምሮ ኅዳር ላይ የጨረሰም እንደዚያው። መለኪያው በተመሳሳይ ወር፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ የቡና ዓመት ተሻግሮ፣ ከማይከፈላቸው መንደሮች ጋር መሆን አለበት።

የመንደሩ ቁጥር ከቤቱ ቁጥር ይበልጣል። የአንድ መንደር ሰዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዝናብ ስለሚኖሩ መልሳቸው ይመሳሰላል። የመመሳሰል መጠኑ (0 ጨርሶ አለመመሳሰል፣ 1 ፍጹም መመሳሰል ሆኖ) 0.05 ቢሆን፣ ከ20 መንደር 25፣ 25 ቤት ቢጠየቅ አካፋዩ (የቤቱ ቁጥር የሚካፈልበት) 1+(24×0.05)=2.2 ነው፤ 500 ቤት ተጠይቆ መረጃው የ227 ቤት ያህል ብቻ ይመዝናል። ያንኑ 500 ቤት ከ50 መንደር 10፣ 10 አድርጎ ቢወሰድ አካፋዩ 1.45 ሆኖ የ345 ቤት ያህል ይመዝናል። የጠያቂዎች የመኪና ወጪ ይጨምራል፤ ነዳጁ ከቁጥሩ ጥራት ጋር ሲነጻጸር ግን ርካሽ ነው። ዕጣው ደግሞ በአደባባይ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ይወጣ፤ ቢሮ ውስጥ የወጣ ዕጣ ዕጣ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

«ቴሌብር ካለ ማድረስ ቀላል ነው»

ማስተላለፉ ቀላል ነው፤ እጅ ላይ መድረሱ ነው ጣጣው። ሲሙ በባል ስም ከሆነ የሚስትም የእናትም ድርሻ በአንድ ስልክ ይገባል፤ «ለእያንዳንዱ ሰው» የተባለው በዚያው ፈረሰ። ምዝገባው ከክፍያው ሁለት ወር ቀድሞ ተጀምሮ ሲምና ፋይዳ ለየራስ መውጣት አለበት። የዓመታት የጉልበት ሥራ የጣት አሻራን ስለሚያደበዝዝ ለማያነብለት ሰው ሌላ መለያ ይዘጋጅ። 250 አዋቂ 600፣ 600 ብር በአንድ ቀን ላውጣ ቢል 150,000 ጥሬ ብር ነው፤ የገጠር ወኪል ይህን ይዞ አይገኝም። ወኪሉ ብር የሚኖረው ነጋዴው የሸጠበትን ሲያስገባ፣ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡን በሦስት የገበያ ቀን ከፍሎ መክፈል ይሻላል። ከሁሉም የሚከፋው መዘግየት ነው፤ ሁለት ጊዜ የዘገየ ክፍያ ሰውን ወደ አበዳሪው ይመልሰዋል፣ አበዳሪውም ያውቀዋል።

«መሠረታዊ ገቢ ካለ ሌላው ይቅር»

በወር 600 ብር የቀዶ ሕክምና አይከፍልም። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ አንዱ ነበር፤ እንዲህ ያለው ትልቅ ድንገተኛ ወጪን ይይዛል፣ የወር ገቢው ደግሞ ትንንሹን። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ሙከራ የሚያበቃበት ቀንም በመጀመሪያው ስብሰባ ይነገር፤ ተቀባዩም ወሩን በስሙ ይወቀው። የመጨረሻው ክፍያ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ ቡናው ተሸጦ ቤት ውስጥ ብር ባለበት ጊዜ ይዋል፤ ሐምሌ ላይ ግን አይሁን።